የሜዳ ክረምት፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

የሜዳ ሣር ጤና የሚወሰነው ክረምት ላይ ነው። ለጎልፍም ይሁን ለእግር ኳስ፣ ለሩጫም ይሁን ለከብት የዋለ ሜዳ በበጋ የሚታይበት ልምላሜና ጥንካሬ በዝናብና በብርድ ወራት የተሠራለት ሥራ ፍሬ ነው። ጎልፍ በተስፋፋባቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮች ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተጫዋች ይቀንሳል፣ ሣሩም ማደጉን ያቆማል። የሜዳ ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ ሲያቆዩት የከረሙትን ከባድ ሥራ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው። የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል፤ የአሸዋ ጉድጓዶች ይታደሳሉ፤ ሣሩን ፀሐይ የከለከሉ ዛፎች ይቆረጣሉ፤ በእግር ብዛት የጠጠረው አፈር ይበሳል። የጎልፍ መነሻ ተብሎ በሚታወቀው በስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ፣ በክረምት ተጫዋቹ በዋናው የሣር መስመር ላይ ኳሱን ከመሬት አይመታም። ትንሽ ምንጣፍ ይዞ ይዞራል፤ ኳሱን እሱ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ሣሩ ቁስሉን መጠገን በማይችልበት ወቅት እንዳይቆስል የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

በኢትዮጵያ ጎልፍ የጥቂቶች ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰፊው የእንግሊዝ ኤምባሲ ቅጥር ግቢ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሜዳ አለ። የሣር ሜዳ ዕውቀት ግን በኤምባሲ አጥር አይወሰንም። ዋና ከተማዋን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኗት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ገበሬው፣ ከብት አርቢው፣ ሯጩና የሰፈር ኳስ ተጫዋቹ በየቀኑ የሚረግጡት ሣር አሁንም አላቸው። የጎልፍ ሜዳ ባለሙያ በመሣሪያና በበጀት የሚሠራውን ሥራ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዶማና ልማድ ነው።

የሁለቱ ክረምቶች ልዩነት ግን ሥራውን ይለውጠዋል። በአውሮፓ ውሃውና ውርጩ በአንድ ወቅት ይመጣሉ፤ ሣሩም ያን ጊዜ አንቀላፍቶ ይቆያል። በሸዋ ደጋ ሁለቱ ተለያይተዋል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ውርጩ የሚመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች። ሣሩም በዝናቡ ወቅት አያንቀላፋም፤ እንዲያውም ከዓመቱ ሁሉ በጉልበት የሚያድገው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቦይ መቆፈር የግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ሥራ ይሆናል። አፈር መብሳትና መላጣ ቦታ መትከል ደግሞ ሣሩ ቁስሉን ለመሙላት አቅም ወዳለው ወደ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ይገፋል። የውጭውን የሥራ ሰሌዳ እንዳለ ቀድቶ በታኅሣሥ አፈር የሚበሳ ሰው ሣሩን ለፀሐይና ለውርጭ አሳልፎ ይሰጠዋል።

በጅማ መንገድ አየር ጤናንና አለም ገናን አልፎ ሰበታ ለሚደርስ መንገደኛ መጀመሪያ የሚታየው ተራራው ነው። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተማዋን ከጀርባ ይጠብቃታል። በወዲያኛው ጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የጥድ ደን ነው። ሰበታ የውሃ አገር ናት። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የተተከለው፣ የአገሪቱ የዓሣና የሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም የሚሠራው እዚሁ ነው። ለሣር ሜዳ ግን ይህ በረከት ፈተና ነው፤ ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው በላዩ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከተራራው ተንደርድሮ የሚወርደው ጎርፍም ነውና።

የሰበታ ዙሪያ ገበሬ ለዚህ መልስ አለው፤ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ። ከማሳው በላይ፣ የተራራው ውሃ ወደ እርሻው ከመግባቱ በፊት፣ ዳገቱን አግድም የሚቆርጥ ቦይ ይቆፈራል። የቁልቁለቱ መጠን እጅግ ትንሽ መሆን አለበት። ከበዛ ውሃው ቦዩን ራሱን እየቦረቦረ ገደል ያደርገዋል፤ ካነሰ ደለል ይሞላውና ውሃው በመሃል ሰብሮ ይወጣል። የተቆፈረው አፈር በታችኛው አፍ ላይ ተደልድሎ ሣር ይተከልበታል። የጎልፍ ሜዳ ነዳፊም አዲስ ሜዳ ሲዘረጋ የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው፦ ከውጭ የሚመጣው ውሃ የት ላይ ይያዛል? ይህ ሳይመለስ ከሣሩ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ሁሉ የጎረቤትን ውሃ ሲሸኝ ይከርማል። በከተሞቹ ያሉ ብዙ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ሜዳዎች ጭቃ ሆነው የሚከርሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከላያቸው ያለው መንገድ፣ ጣሪያና ግቢ ውሃውን ሁሉ ወደ እነሱ ይለቃል፤ የሚቀለብሰው ቦይ ግን አልተቆፈረም ወይም ቆሻሻ ሞልቶታል።

ከቦዩ በኋላ የሚመጣው ፈሰስ ነው። ገበሬው ጤፍ ወይም ስንዴ ዘርቶ ሲጨርስ በሬዎቹን እንደገና ጠምዶ ማሳውን በሰያፍ የሚቆርጡ ጥልቅ ትልሞች ያወጣል፤ ትርፉ ውሃ በእነሱ እየተሰበሰበ ወደ ዳር ይወጣል። ዘመናዊ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ከሣሩ በታች የሚቀበረው የቱቦ መረብም አንድ ዋና መስመር በመሃል ይዞ፣ ቅርንጫፎቹን ግራና ቀኝ በሰያፍ ያስገባል። ልዩነቱ አንዱ ከላይ መታየቱ፣ ሌላው በጠጠር ተሸፍኖ መሰወሩ ነው። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው የአሠራር መመሪያ፣ ኳስ ወደ ቀዳዳ የሚገፋበት ለስላሳ መደብ በቱቦዎቹ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ የበዛበት አፈር እንዲደረግለት ይመክራል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ታላላቅ ሜዳዎች በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከገፈርሳ የውሃ ግድብ አጠገብ ናት። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች ቀደምት የሆነው ገፈርሳ ውሃውን የሚይዘው ከትንሹ አቃቂ ላይ ነው። የቡራዩ መሬት ዳገት ቁልቁለት ይበዛበታል፤ አፈሩም በብዙ ቦታ ቀይ ነው። ቀይ አፈር ውሃን ከጥቁሩ ይልቅ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ችግሩ መጠጠሩ ነው።

በነሐሴ አጋማሽ በእንዲህ ያለ ከተማ የአንድን የሰፈር ኳስ ሜዳ የግብ አፍ ጎንበስ ብሎ ላየ ነገሩ ሁሉ ይገለጥለታል። በሁለቱ የግብ ቋሚዎች መካከል አንድም የሣር ቅጠል የለም። መሬቱ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል፤ ውሃው በጫማ ጥርስ የተበሳውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ሞልቶ ቆሟል። እንጨት ቢሰኩበት ጣት የሚያህለውን እንኳ ሳይገባ ጠጣር ነገር ያገኛል። ከላይ ጭቃ፣ ከታች ሸክላ የሆነ መሬት ነው። ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ማዕዘኑ ሲሄዱ ግን ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ያው ዝናብ ወርዶበት ያው አፈር ላይ የቆመ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የእግር ብዛት ብቻ ነው። የተረገጠ አፈር በእንክብሎቹ መካከል የነበረውን የአየር ቦታ ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ በውሃ ተከቦም ይሞታል።

መድኃኒቱ መብሳት ነው። በጎልፍ ሜዳ መሐሉ ክፍት የሆነ የብረት ጥርስ ያለው መኪና በመደቡ ላይ እየሄደ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው የአፈር ክሮች እየነቀለ ያወጣል። ከዚያ ቀዳዳዎቹ በአሸዋ ይሞላሉ። አሸዋ መበተንን ያስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴንት አንድሩስን ሜዳ የጠበቀው ቶም ሞሪስ እንደሆነ በጎልፍ ታሪክ ይነገራል። መኪናው በሌለበት ጥርሱ የጠነከረ መንሽም ይበቃል። መሬቱ እርጥብ ግን ያልላቆጠ ሆኖ ሲገኝ፣ በስንዝር ርቀት መንሹን እስከ አንገቱ እየሰኩ ትንሽ ወደ ኋላ መነቅነቅ ነው። አሥር ወጣቶች በአንድ ቅዳሜ ሁለት የግብ አፍ ይጨርሳሉ። አሸዋ ከስምጥ ሸለቆ በኩል ተጭኖ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለሆነ ሜዳውን ሁሉ ማልበስ የሚሞከር አይደለም፤ ለግብ አፍና ለመሐል ክቡ ግን ከአንድ መኪና ጭነት ያነሰ ይበቃል። የግቡን ቋሚ በየክረምቱ ጥቂት ሜትር ማዛወር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎልፍ ሜዳ ሠራተኞች ቀዳዳውን ከቦታ ቦታ የሚቀይሩትም ለዚሁ ነው።

በቡራዩ ሁለተኛው የሣር ጠላት ባሕር ዛፍ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ መሆኑ አይካድም። ለሣር ግን ክፉ ጎረቤት ነው። ጥላው ብርሃን ይከለክላል፤ ሥሩ በበጋ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም ከሥሩ ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያደርጋል። በሜዳ ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ ቢያንስ በምሥራቅ በኩል ያለው ሊነሳ ይገባል፤ የጠዋት ፀሐይ የሌሊቱን እርጥበት ከቅጠሉ ላይ ካላደረቀች ሻጋታ ሣሩን ይጥለዋልና። የጎልፍ ሜዳ ባለቤቶችም በክረምት ዛፍ የሚያስቆርጡት በአብዛኛው ለብርሃኑ ብለው ነው።

ከቡራዩ በአስኮና በዊንጌት በኩል ወደ አዲሱ ገበያ ተመልሶ የጎጃምን መንገድ የያዘ መንገደኛ እንጦጦን ሲሻገር ውሃ የሚለያይበትን ጫፍ ያልፋል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አዋሽ ገብቶ፣ በአፋር ምድር አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በሰሜን በኩል የወረደው በሙገር አባይን ይቀላቀላል። የሱሉልታ ሜዳ ያለው በዚህ በሰሜኑ በኩል፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለሣር ጉዳይ ሦስቱን ከተሞች የሚዞር ሰው ብዙ ጊዜ መስጠት ያለበት ለሱሉልታ ነው።

የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህ ከግማሽ በላዩ ደጋ ላይ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ በስንጥቁ ጠልቆ ይገባል። አፈሩ ካበጠና ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃ ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ይከርማል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከመሬት በታች ቱቦ መቅበር ብዙም አይረዳም፤ ውሃው ቱቦው ጋ ከመድረሱ በፊት ክረምቱ ያልቃል። የሚሠራው በላይ የሚያፈስ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም ከብት ማዕከልና አጋሮቹ ሁለት ማረሻ አጣምረው ሰፋፊ መደቦችና በመካከላቸው ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ የሠሩት ለዚሁ አፈር ነበር። ለስፖርት ሜዳም ሐሳቡ ይሠራል፤ መሐሉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ዳር ማዘንበል፣ ዳሩን በቦይ መክበብ።

ከዚህም የቆየ ብልሃት አለ። በሸዋ ደጋ ገበሬዎች ለገብስ የሚሆን መሬት ሲያዘጋጁ የታረሰውን አፈር በየቦታው ከምረው ከሥሩ በኩበት ያቃጥሉ ነበር። የተቃጠለ ሸክላ አፈር ወደ ጠጣር እንክብል ስለሚለወጥ ውሃ ያሳልፋል፤ ጉዳቱ የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጂን አብሮ መቃጠሉ ነው። ዛሬ በውጭ አገር ለስፖርት ሜዳ ማሻሻያ በከረጢት የሚሸጥ፣ በምድጃ የተጠበሰ የሸክላ እንክብል አለ። መነሻው ያው ሐሳብ ነው። የደጋው ገበሬ ይህን ያገኘው ላቦራቶሪ ሳይኖረው መሆኑ ሊከበርለት ይገባል።

በረግረጉ ላይ የሚበቅለው ሣር ራሱ የተመረጠ ነው። ማገጥ እርጥብ ጥቁር አፈርን ይወዳል፤ በሥሩም ናይትሮጂን ከአየር እየያዘ ሜዳውን ያዳብራል። ደረቅ በሆነው ዳር ላይ ሰርዶ ይሮጣል። ሰርዶ የሚናቅ ሣር አይደለም፤ በሞቃት አገሮች ያሉ የጎልፍ ሜዳዎች በአብዛኛው የለበሱት ሰርዶንና ዲቃሎቹን ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት ቲፍግሪን የተባለው ዝርያ የተገኘው ይህንኑ ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር በማዳቀል ነው። ኪኩዩ በሚል ስም የሚታወቀውና በሎስ አንጀለስ የሪቪዬራን የጎልፍ ሜዳ የሸፈነው ሣርም አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። የቀበሌ ሜዳ ለማልበስ ከውጭ ዘር ማስመጣት አያስፈልግም። ከመንገድ ዳር የተነቀለ ሰርዶ በጣት ርዝመት እየተቆራረጠ በነሐሴ መጨረሻ ቢተከል መላጣውን ይዘጋዋል።

የሱሉልታ ትልቁ የክረምት ሥራ ግን መከለል ነው። ሜዳው ሰኔ ሲገባ ለድርቆሽ ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም። ሣሩ ዝናቡን ሁሉ ጠጥቶ ያድጋል፤ መስከረም ላይ ቢጫ አበባ ጣልቃ እየገባበት እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጫጆች በረድፍ ቁጢጥ ብለው በማጭድ ይወርዱበታል። ግራ እጅ አንድ ጭብጥ ሣር ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ አድርጎ ይቆርጣል። ያ ጥቂት ጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ሣሩ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። የታጨደው በነፋስና በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ይከመራል ወይም በሳጥን ተጠቅጥቆ ይታሰራል፤ ለአዲስ አበባ ወተት ላሞችም ይጫናል። ሣሩ ማበብ እንደ ጀመረ ቢታጨድ ምግብነቱ የላቀ ነው። ዋጋ ይጨምራል ወይም ክብደት ያነሳል ተብሎ እስከ ኅዳር ሲቆይ ግን ወደ ገለባ ይጠጋል።

ይህ ሜዳ የሯጮችም ነው። ሱሉልታ በሯጮች ካርታ ላይ ሰንዳፋና እንጦጦ ካሉበት ረድፍ ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚህ ነው፣ የሯጮች ማረፊያ የሆነው ያያ ቪሌጅም እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን ጨምሮ የውጭ ሯጮችን አስተናግዷል። ለሯጭ ከአስፋልት ይልቅ ሣር ለጉልበት ይሻላል። ሣሩ ግን ሯጩን የሚችለው በወቅቱ ነው። በሐምሌ የላቆጠ ጥቁር አፈር ላይ የተሮጠበት አንድ መስመር እስከ ጥር የሚታይ ጠባሳ ያስቀራል። በታኅሣሥ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውርጭ ሜዳውን ነጭ አድርጎ ሲያድር በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል፤ ሲረገጥ ሕዋሱ ይሰበራል፤ በማግሥቱ እያንዳንዱ ኮቴ ጠቁሮ ይወጣል። የውጭ ጎልፍ ክለቦች ውርጭ ባለበት ጠዋት ሜዳቸውን ፀሐይ እስክታቀልጠው ዘግተው ይቆያሉ። ሯጩም እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ በኮረኮንቹ መንገድ ቢያሟሙቅ የሚያጣው ነገር የለም።

በሦስቱም ከተሞች ሜዳ እየጠበበ ነው። በሱሉልታ የፋብሪካ፣ የታሸገ ውሃ ማምረቻና የመኖሪያ አጥር ወደ ድርቆሽ መሬቱ እየገባ ነው፤ በሰበታና በቡራዩም እንዲሁ። ጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ ቤት መሠረቱ በየበጋው ስለሚሰነጠቅ ውድ ነው፤ ያው መሬት ሣር ሆኖ ሲቀር ግን ውሃ ይይዛል፣ ከብት ይቀልባል፣ ሯጭ ያሠለጥናል። የቀሩትን ሜዳዎች ለማዳን የሚጠየቀው ሥራ ትንሽ ነው። የከተማ አስተዳደሮችና ትምህርት ቤቶች ግንቦት ሳያልቅ ከሜዳው በላይ ያለውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስጠርጉ፤ ሐምሌና ነሐሴን ሜዳውን ይክለሉ፤ መስከረም ላይ የግብ አፉን አስበስተው ሰርዶ ያስተክሉ፤ ጥቅምት ሲገባ ይክፈቱት።